ጄምስ ብሬድውድ፦ የማይነድ ቤትና የማይወድቅ ቤት

ከድንጋይ፣ ከጡብና ከብረት ብቻ የተሠራን ሕንጻ እሳት አይደፍረውም የሚለው እምነት በባለሀብቶችም ሆነ በብዙ መሐንዲሶች ዘንድ ለረጅም ዘመን ጸንቶ የኖረ ነው። ድንጋይ አይነድም፤ ብረትም አይነድም፤ እንግዲህ ከእነዚህ የተሠራ ቤት ምን ያሰጋዋል የሚለው አስተሳሰብ ላይ ላዩን ሲታይ ትክክል ይመስላል። ይሁን እንጂ የማይነድ ቤትና በእሳት ጊዜ የማይወድቅ ቤት አንድ እንዳልሆኑ፣ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የማይነደው ከሚነደው ቀድሞ ሊፈርስ እንደሚችል ለሙያው ዓለም አስቀድመው በግልጽ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ጄምስ ብሬድውድ ነው። ብሬድውድ የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበረም፤ የምርምር ላቦራቶሪም አልነበረውም። መጀመሪያ በኤዲንብራ፣ ኋላም በለንደን ለ37 ዓመት ያህል የእሳት አደጋ ሠራተኞች አለቃ ሆኖ ሲያገለግል በዓይኑ ያየውን መርምሮ፣ ምክንያቱን ለይቶ በጽሑፍ ያስቀመጠ ሰው ነበር። ዛሬ የሕንጻዎች የእሳት ምሕንድስና እየተባለ በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ለሚሰጠው ዕውቀት መሠረት ከጣሉት መካከል ስሙ የሚነሣውም ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሬድውድ በ1800 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንብራ ተወለደ። አባቱ የቤት ዕቃ የሚሠራና ቤት የሚገነባ የታወቀ ባለሙያ ነበር። ልጁም በከተማው በሚገኘው በሮያል ሃይስኩል ከተማረ በኋላ ወደ አባቱ ሥራ ገብቶ የግንባታን ሙያ ከሥሩ ተማረ። ወለል በምን ላይ እንደሚያርፍ፣ የጣሪያው ክብደት በየት በኩል ወደ ግድግዳ እንደሚወርድ፣ ግድግዳ ምን ቢነሣበት ድጋፉን እንደሚያጣ በወጣትነቱ ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሥራው ቦታ ነው። በኋለኛው ዘመኑ የሚነድ ቤት ውስጥ ሲገባ የሚያየው ነበልባሉን ብቻ ሳይሆን ሕንጻው የቆመበትን ሥርዐት ጭምር መሆኑ ከዚህ ትምህርቱ የመነጨ ነው።

በዚያ ዘመን እሳት የማጥፋት ተግባር በአብዛኛው በኢንሹራንስ ኩባንያዎች እጅ ነበር። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ፓምፖችና ሠራተኞች ያሰማራ ስለነበር፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ሁሉም በየፊናው ይሯሯጥ ነበር እንጂ በአንድ አለቃ የሚታዘዝ ኃይል አልነበረም። የኤዲንብራ ከተማ ሹማምንትና ኩባንያዎቹ ይህን ጉድለት ለማረም በ1824 አንድ የተባበረ የእሳት አደጋ ድርጅት አቋቋሙ፤ አለቅነቱንም ለ24 ዓመቱ ወጣት ለብሬድውድ ሰጡት። አዲሱ አለቃ ሠራተኞቹን በወጉ ለማሠልጠን እንኳ ጊዜ ሳያገኝ፣ በተሾመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በኅዳር ወር አጋማሽ የኤዲንብራ ታላቅ ቃጠሎ የተባለው አደጋ ደረሰ።

እሳቱ የተነሣው በአሮጌው ከተማ መካከል ከሚገኝ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከአንድ ቅርጽ አውጪ የሥራ ክፍል ነበር። በዚያ ሰፈር ቤቶቹ ከፍተኛ ፎቆች ያሏቸውና እጅግ የተጠጋጉ በመሆናቸው ቃጠሎው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ቀናት ፈጀ። ትሮን ኪርክ የተባለው ቤተ ክርስቲያን የግንብ ጉልላት ሳይቀር ነዶ ወደቀ፤ ከዐሥር በላይ የሆኑ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም መጠለያ አጡ። በአደጋው ቦታ የከተማው ሹማምንት፣ ዳኞችና የጦር መኰንኖች እያንዳንዳቸው የተለያየ ትእዛዝ ይሰጡ ስለነበር ፓምፖቹ ያለ አንዳች ፋይዳ ከቦታ ቦታ ይጎተቱ ነበር። ከዚህ በኋላ በተደረገው ምርመራ ጥፋቱ በወጣቱ አለቃ ላይ አልተጣለም፤ ይልቁንም በእሳት ቦታ ማዘዝ የሚገባው የእሳት አደጋው አለቃ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ በየአገሩ የሚሠራበት ደንብ ሆኖአል።

ሥልጣኑ ከተረጋገጠለት በኋላ ብሬድውድ ሠራተኞቹን የመረጠው በጉልበታቸው ብቻ አይደለም። ከግንበኞች፣ ከአናጢዎች፣ ከጣሪያ ሠሪዎች፣ ከቧንቧ ሠራተኞችና ከብረት ቀጥቃጮች መካከል እየለየ ወሰደ። ግንበኛው ግድግዳ ሲሰነጠቅ የስንጥቁን ትርጉም ያውቃል፤ አናጢው የወለሉ እንጨት ምን ያህል እንደሚችል ይገምታል፤ ጣሪያ ሠሪው ሌላው ሰው በማይረግጥበት ቦታ ይራመዳል። ልምምዱንም ጎሕ ሳይቀድ፣ በጨለማ ያስደርግ ነበር፤ አደጋ በአብዛኛው የሚደርሰው ሰው በተኛበት ሰዓት ነውና።

ከሁሉ በላይ ያጠበቀው ትምህርት ውኃ ከመንገድ ላይ ሆኖ በመስኮት ወደሚወጣው ጢስ መርጨት ከንቱ ነው የሚለው ነበር። እሳት አጥፊው ወደ ውስጥ ገብቶ ቃጠሎው ወዳለበት ሥፍራ መድረስ፣ ውኃውንም በሚነደው ነገር ላይ ማሳረፍ አለበት። ሲገባም ብቻውን ሳይሆን ከባልንጀራው ጋር፣ ቆሞ ሳይሆን ወደ ወለሉ ዝቅ ብሎ መሆን ይገባዋል፤ የሚተነፈሰው አየር የሚገኘው ከታች ነውና። ውኃው እስኪመጣ ድረስ በርና መስኮት ተዘግቶ ቢቆይ እሳቱ አየር እያጠረው እንደሚዳከምም አስተማረ። ይህን ሁሉ በ1830 በመጽሐፍ አሳትሞ አወጣ። በዚህ ሙያ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ይህ መጽሐፍ የብሬድውድን ስም ከኤዲንብራ ውጭ አሳወቀው።

በ1833 መጀመሪያ ዐሥር የለንደን ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን በአንድነት አዋሕደው የለንደን የእሳት አደጋ ድርጅትን አቋቋሙ። ለአለቅነት የጠሩትም ብሬድውድን ነው። ታላቂቱን ከተማ እንዲጠብቅ የተሰጠው ኃይል 80 ሰው ብቻ ነበር። ድርጅቱ የሚተዳደረው በኩባንያዎቹ ገንዘብ ስለነበር ዋና ተግባሩ ንብረት ማዳን ነበር። ብሬድውድ ግን የመድን ውል ያለውንና የሌለውን እየለየ የሚሠራ ሰው አልነበረም። በጥቅምት ወር 1834 የእንግሊዝ ፓርላማ ሕንጻ በተቃጠለ ጊዜ ይህ በይፋ ታየ። ሕንጻው የኢንሹራንስ ዋስትና ያልተገባለት ቢሆንም ብሬድውድ 12 ፓምፖችና 64 ሰዎች አሰልፎ ደረሰ። ሁለቱ የምክር ቤት አዳራሾች ሊድኑ እንደማይችሉ በተረዳ ጊዜ ኃይሉን በከንቱ አልበተነም፤ በመካከለኛው ዘመን የተሠራውንና ሰፊው የእንጨት ጣሪያው የሚደነቅለትን የዌስትሚንስተር አዳራሽ ለማዳን አዋለው። አዳራሹም ዳነ፤ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ብሬድውድ ወደ ለንደን በመጣበት ዘመን ከተማይቱ የዓለም ንግድ መናኸሪያ እየሆነች ነበር። በቴምዝ ወንዝ ዳር ጥጥ፣ ቃጫ፣ ሞራ፣ ስኳር፣ ሻይና ቅመማ ቅመም የሚከማችባቸው ባለ ብዙ ፎቅ መጋዘኖች ተደርድረው ነበር። በግንባታም ረገድ አዲስ ዘዴ ተስፋፍቶ ነበር። በ1797 በሽሩዝበሪ ከተማ የተሠራው የተልባ ቃጫ መፍተያ ፋብሪካ በውስጡ ያሉት ዓምዶችና አግዳሚዎች ሁሉ ብረት የሆኑለት የመጀመሪያው ሕንጻ ነው። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስሰው፣ ባለእጆች ጊዛ የሚሉት ዓይነት ሲሆን፣ በአግዳሚዎቹ መካከል የጡብ ቅስት እየተሠራ ወለል ይሆን ነበር። የዚህ ዘዴ ዓላማ በእንጨት የተሠሩትን ፋብሪካዎች በየጊዜው ከሚያወድመው ቃጠሎ መዳን ነበር። በመሆኑም እንዲህ ያለው ሕንጻ ሁሉ እሳት የማይደፍረው የሚል ስም ወጣለት፤ ባለቤቶቹም በዚህ ስም ተማምነው መጋዘኖቻቸውን እስከ ጣሪያ ድረስ በሸቀጥ ሞሉ።

በ1849 ብሬድውድ በለንደን በሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ፊት ቀርቦ እሳት አይደፍራቸውም ስለሚባሉት ሕንጻዎች ያዘጋጀውን ጽሑፍ አነበበ። ክርክሩ ቀላል፣ ግን ለብዙዎች የማይዋጥ ነበር። በመጋዘን ቃጠሎ የሚነደው ዕቃው ነው እንጂ ሕንጻው አይደለም፤ ስለዚህ ግድግዳውና ዓምዱ የማይነድ መሆኑ ብቻውን ምንም ዋስትና አይሰጥም። ጥያቄው ብረቱ ይነዳል ወይ ሳይሆን፣ በዙሪያው ያለው ሸቀጥ ሲነድ ብረቱ ሸክሙን ተሸክሞ ይቆማል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ የሰጠው መልስ አይቆምም የሚል ነበር።

ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ብረት ሙቀት በበዛበት መጠን ጥንካሬውን ያጣል። ሁለተኛ፣ ብረት ሲግል ይረዝማል። ዛሬ በሚታወቀው ስሌት ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ የብረት አግዳሚ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። መሄጃ ያጣው አግዳሚ ያረፈበትን ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ግድግዳውም ወደ መንገድ ይናዳል። ሦስተኛ፣ የጋለ ጊዛ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ እሳቱን ለማጥፋት የሚረጨው ውኃ ራሱ ሕንጻውን ሊጥለው ይችላል ማለት ነው። አንድ ዓምድ በወደቀ ጊዜም አንዱ ቅስት በሌላው ተደግፎ የቆመ ስለሆነ ፍርስራሹ ከክፍል ወደ ክፍል ይተላለፋል።

ብሬድውድን እጅግ ያሳሰበው ግን የአወዳደቁ ሁኔታ ነው። ወፍራም እንጨት ሲነድ ላዩ ይከስላል፤ ከሰሉም ለውስጡ እንደ መከላከያ ይሆንለታል። በዘመናዊ ልኬት ቃጠሎው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በደቂቃ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በግማሽ ሰዓት ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እንጨቱ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ይንቋቋል፤ በአጠገቡ ያለው ሰው ምልክቱን አይቶ ይወጣል። ጊዛ ግን ጨርሶ አያስጠነቅቅም፤ ቆሞ ሳለ በድንገት ይሰበራል። ስለዚህ ያልተሸፈነ የጊዛ ዓምድ ካለው መጋዘን ይልቅ በወፍራም እንጨት የቆመውን እንደሚመርጥ ተናገረ። ይህ አባባል ከአላዋቂነት የመጣ አልነበረም። ሰዎቹን ወደ ቃጠሎው ውስጥ እንዲገቡ ያስተማረው እሱ ነውና፣ የገቡበት ቤት ሳይታሰብ በላያቸው የሚወርድ ከሆነ ትምህርቱ ሁሉ ወደ ሞት መንገድ ይሆን ነበር። ለእሱ የዓምዱ ጉዳይ የገንዘብ ሳይሆን የሰው ነፍስ ጉዳይ ነበር።

ሁለተኛው የደጋገመው ማስጠንቀቂያ የመጋዘኖቹን ስፋት የሚመለከት ነው። በብሬድውድ አስተያየት በአንድ ግድግዳ ውስጥ የተከማቸ ቃጠሎ ከተወሰነ መጠን ካለፈ የትኛውም የሰው ኃይል ሊያጠፋው አይችልም። በ1855 የወጣው የለንደን ሕንጻ ሕግ ሳይከፋፈል የሚሠራ መጋዘን ከ216,000 ኪዩቢክ ጫማ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህ በሁሉም አቅጣጫ 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ያህል የሆነ ክፍል ነው። ሕጉ ግን ቀድሞ የተሠሩትን ታላላቅ መጋዘኖች የሚያፈርስ አልነበረም። ብሬድውድ በ1854 ለመንግሥቱ የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ በጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ያሉት ሕንጻዎች በእሳት ቢያዙ ለመቆጣጠር ተስፋ እንደሌለ በግልጽ አመልክቶ ነበር። በአማርኛ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ዓይነት ምክር ነበር፤ ሆኖም ምክሩ ከመጋዘን ኪራይ የሚገኘውን ትርፍ የሚቀንስ ስለነበር ሰሚው ጥቂት ሆነ።

ብሬድውድ በሁሉም ነገር ከዘመኑ የቀደመ ነበር ማለት አይቻልም። በእንፋሎት የሚሠራው ፓምፕ ከ1829 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ እሱ ግን በሰው ጉልበት በሚሠራው ፓምፕ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ቆይቶአል። የሠጋው ኃይለኛ የውኃ ግፊት ያገኙ ሠራተኞች ወደ ውስጥ መግባቱን ትተው ከሩቅ መርጨትን እንዳይለምዱ ነበር። ሥጋቱ መሠረት የሌለው ባይሆንም፣ የከተማይቱ ሕንጻዎች ከሰው ክንድ ጉልበት በላይ እያደጉ መሄዳቸውን ሲመለከቱት መዘግየቱ ጉድለት ነበር። ድርጅቱ የእንፋሎት ፓምፕ ማሠራት የጀመረው በብሬድውድ የመጨረሻ ዓመታት ነው።

ሰኔ 22 ቀን 1861 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከለንደን ድልድይ አጠገብ በቱሊ ጎዳና በሚገኘው በኮተንስ ዋርፍ መጋዘን ውስጥ በቃጫ ክምር ላይ እሳት ታየ። በመጋዘኖቹ መካከል እሳት እንዲከለክሉ የተሠሩት የብረት በሮች ክፍት ተትተው ነበር። ቃጠሎው በእነዚህ በሮች አልፎ ከክፍል ወደ ክፍል ተሸጋገረ። ጥጡ፣ ሞራውና ስኳሩ ተቀጣጠለ፤ የቀለጠው ሞራ እየነደደ ወደ ወንዙ ፈሰሰ። ውኃ በበቂ መጠን እስኪገኝ ድረስም ብዙ ጊዜ አለፈ። ብሬድውድ ለዓመታት ይሆናል ሲል የኖረው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ከፊቱ ቆመ።

ከምሽቱ በፊት በግምት ከአንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሙቀቱ አድክሞአቸው የነበሩትን ሰዎቹን ለማበረታታት በአንድ መጋዘን ግድግዳ ሥር ሲያልፍ ግድግዳው በድንገት ወደ ውጭ ተናደ። ብሬድውድና አብሮት የነበረው ባልደረባው ወዲያውኑ ሞቱ። ፍርስራሹ እጅግ የጋለ ስለነበር አስከሬናቸውን ማውጣት የተቻለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እሳቱም ፈጽሞ የጠፋው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። የጠፋው ንብረት 2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገመተ፤ ለንደን ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥፋት አላየችም ተባለ። ግድግዳ ወደ ውጭ እንደሚገፋ ለመሐንዲሶች ያስረዳው ሰው ሕይወቱ ያለፈው ወደ ውጭ በወደቀ ግድግዳ ሥር ነው።

ከሳምንት በኋላ በተፈጸመው ቀብር የከተማይቱ ሱቆች ተዘግተው፣ የአብያተ ክርስቲያናት ደወሎች እየተደወሉ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያህል የሚረዝም ሰልፍ አስከሬኑን ወደ አብኒ ፓርክ መካነ መቃብር ሸኘ። የሕዝቡ ኀዘን ታላቅ ቢሆንም የሕግ ለውጥ ያመጣው ኀዘኑ ብቻ አልነበረም። ኪሣራው የከበዳቸው ኩባንያዎች የዋስትናውን ዋጋ አስወደዱ፤ ለመንግሥትም የከተማይቱን እሳት የመከላከል ኃላፊነት ከእንግዲህ ብቻችንን አንሸከምም ብለው አስታወቁ። ፓርላማው ጉዳዩን መርምሮ በ1865 ሕግ አወጣ፤ በ1866 መጀመሪያም በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደረው የለንደን የእሳት አደጋ ብርጌድ ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዓመት የብሬድውድ ጽሑፎች ተሰብስበው በመጽሐፍ ታተሙ።

ያቀረበው ጥያቄ ግን ከእሱ በኋላም መልስ መፈለጉን አላቆመም። በ1871 የቺካጎ ከተማ ከተቃጠለች በኋላ የአሜሪካ መሐንዲሶች የብረቱን ዓምድና አግዳሚ በተተኮሰ ሸክላ መሸፈን ጀመሩ፤ ብሬድውድ የነቀፈው ራቁቱን የቆመውን ብረት ነበርና። በ1897 በለንደን የተቋቋመው የእሳት መከላከያ ኮሚቴ በሮችን፣ ወለሎችንና ግድግዳዎችን በምድጃ ውስጥ እየፈተነ ውጤቱን ያሳትም ጀመር። በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ፈተና ይካሄድ ነበር። በ1920ዎቹ በአሜሪካ በየሕንጻው ወለል ላይ ያለው ተቀጣጣይ ዕቃ እየተመዘነ የእሳት ሸክም የሚባለው መለኪያ ተገኘ፤ የሚነደው ዕቃው ነው ያለው የብሬድውድ ሐሳብ በዚህ መንገድ ወደ ቁጥር ተለወጠ።

በ1970ዎቹ በተወለደበት ከተማ፣ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ፣ የእሳት ምሕንድስና የሚሰጥበት የትምህርት ክፍል ተቋቋመ። በ1995 እና በ1996 በእንግሊዝ አገር በካርዲንግተን ባለ ስምንት ፎቅ የብረት ሕንጻ በአንድ ታላቅ የአየር መርከብ መጠለያ ውስጥ ተሠርቶ በእሳት ተፈተነ። ያልተሸፈኑት አግዳሚዎች ሙቀት በአንዳንዱ ሙከራ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያልፍም ሕንጻው አልወደቀም፤ የኮንክሪቱ ወለል ሸክሙን ወደ ሌላው ክፍል አስተላልፎት ነበርና። የኤዲንብራ ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲመረምሩ የሕንጻውን ጠባይ በብዙው የወሰነው የብረቱ መድከም ሳይሆን መስፋቱና መስፋቱን የሚያግደው ነገር መሆኑን ተረዱ። ይህ ግኝት የብሬድውድን ፍርድ በአንድ በኩል ያርመዋል፤ በደንብ የተያያዘ የብረት ሕንጻ እሱ ካሰበው በላይ ሊጸና ይችላልና። በሌላ በኩል ግን ያጸናዋል፤ ብረት ሲግል እንደሚረዝምና ያረፈበትን ግድግዳ እንደሚገፋ አስቀድሞ አስረድቶ ነበርና።

በ2008 የኤዲንብራ ከተማ በፓርላማ አደባባይ፣ የ1824ቱ ቃጠሎ ባለፈበት ሥፍራ አጠገብ፣ ለብሬድውድ ሐውልት አቆመች። እውነተኛው መታሰቢያው ግን አንድ መሐንዲስ በሚነድፈው ሕንጻ ሥዕል ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ዕቃው ይነዳል ወይ ከሚለው አልፎ፣ ሁሉም በሚነድበት ሰዓት ይህ ቤት ሰው ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ይቆማል ወይ ብሎ በጠየቀ ቁጥር የሚታደስ ነው። ብሬድውድ ይህን ጥያቄ ለሙያው አስረክቦአል፤ ጥያቄው በጊዜው ሳይሰማ ሲቀር የሚከፈለውንም ዋጋ በገዛ ሕይወቱ ከፍሎአል።